ቀለም ያልነካው አውራ ጣት፦ ከመንዝ መልስ

ሐሙስ፣ ግንቦት 13 ቀን 2007

ዛሬ ዕርገት ነው። ላምበረት መናኸሪያ የደረስኩት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ቢሆንም ሰልፉ ከእኔ በፊት ያደረ ይመስላል። ከፊቴ የቆሙት ሁለት ተማሪዎች የምርጫ ካርዳቸውን አገር ቤት ስላወጡ ለእሑድ ሊደርሱ ነው። እኔ ለምርጫ አልነበረም የምሄደው። አክስቴ ዓይኗን ሞራ ጋርዷታል፤ አዲስ አበባ ለሰኔ መጀመሪያ ቀጠሮ ተይዞላታልና ላመጣት ነው። ስሌቴ እንዲህ ነበር፦ ዓርብ መሐል ሜዳ እገባለሁ፣ ቅዳሜ ይዣት እወጣለሁ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ደርሼ እኔም ድምፄን እሰጣለሁ። የመንዝን መንገድ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ይስቃል።

ሰንዳፋ፣ አለልቱ፣ ሸኖ፣ ጫጫ። ሸኖ ላይ ቅቤ የምትሸጥ ሴት በመስኮት እጇን አስገብታ አስሸተተችን፤ በዓለ ሃምሳ ነውና ዋጋው አልቀመስ ብሏል። በየመብራት ምሰሶው ላይ የገዥው ፓርቲ የኢሕአዴግ ምልክት፣ ንብ፣ ተለጥፋለች። ሌላ ምልክት ለማየት ብዬ እስከ ደብረ ብርሃን መስኮት ላይ ተጣብቄ ሄድኩ፤ አንድ ቦታ ግማሹ የተቀደደ ወረቀት አየሁ፣ የማን እንደሆነ ግን አልለየሁትም።

ደብረ ብርሃን ማታ ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና እስከ ምሽት ሲዞር ነበር። የመጨረሻ ቀኑ ነው፤ ከምርጫው ቀን በፊት ያሉት ሁለት ቀናት ቅስቀሳ አይደረግባቸውም። ሲቆም ከተማው ያለ ልክ ጸጥ አለ። ብርድ ልብስ ፋብሪካው ለምን እዚህ እንደተተከለ ለማወቅ አንድ ሌሊት ማደር ይበቃል።

ዓርብ፣ ግንቦት 14

የመሐል ሜዳው አውቶቡስ በደሴ መንገድ ሄዶ ጣርማበር ዋሻው ሳይደርስ ወደ ግራ ይታጠፋል። ከዚያ በኋላ አቧራ ነው። በመዘዞ አድርገን ወደ ሞላሌ ስናቀና ረዳቱ መስኮቶቹን ሁሉ ዘጋ፤ አቧራው ግን ከወለሉ ገባ።

ጎኔ የተቀመጠው አስተማሪ ነው፤ ለእሑድ ምርጫ አስፈጻሚ ሆኖ ተመድቧል። ሥልጠናውን በደብተር ጽፎ ይዞታል፤ መንገዱን ስንጨርስ እኔም የሠለጠንኩ ያህል ሆንኩ። አንድ ጣቢያ ከ1,000 በላይ መራጭ አይመዘግብም። አምስት አስፈጻሚ አለ፤ ሕዝቡ ራሱ የሚመርጣቸው አምስት የሕዝብ ታዛቢዎችም አሉ። ወረቀቱ ሁለት ነው፣ አንዱ ለተወካዮች ምክር ቤት፣ አንዱ ለክልሉ ምክር ቤት። ቆጠራው እዚያው በጣቢያው ይካሄዳል፤ ውጤቱም በሩ ላይ ይለጠፋል።

«በሩ ላይ?» አልኩት።

«ሁሉም እንዲያየው ነዋ።» ሕጉ ላይ የሚነሳ ጥያቄ የለውም፤ ሥርዓቱን ተራ በተራ ሲያስረዳ ደስ ይለዋል። ነገር ግን ለምን አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ከ547ቱ ወንበር ሁለት ብቻ ከገዥው ፓርቲና ከአጋሮቹ ውጭ እንደወጣ፣ አንዱ የተቃዋሚው ጥምረት የመድረክ፣ አንዱ የግል ተወዳዳሪ፣ ስጠይቀው ደብተሩን ዘጋና ከኋላ ያለውን ወንበር ዞር ብሎ አየ። «ዘንድሮ ሁለቱም አይኖሩ ይሆናል» አለ። ቀልዱ ይሁን ትንበያው እስካሁን አልገባኝም።

መሐል ሜዳ ማታ ጥብስ በላን። ዓርብ ጥብስ! ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ጾም የለምና ምግብ ቤቱ በሰው ሞልቷል። ከነፋሱ የተነሳ ሁሉም ባለ በርኖስ ነው። ስለ ምርጫው የሚያወራ አልሰማሁም፤ ወሬው ሁሉ በልግ ነው። ዘንድሮ የበልጉ ዝናብ ቀርቷል፤ መንዝ ደግሞ ገብሱን ከበልግ የሚጠብቅ አገር ነው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 15

ከመሐል ሜዳ ወደ አክስቴ መንደር በእግር ሁለት ሰዓት ይፈጃል። የቀበሌውን ስም አልጽፍም። በቅሎ የሚነዳ ልጅ ላኩልኝ። መንገዱ ላይ የገብሱን ማሳ አየሁት፤ ከመሬት ስንዝር ሳይነሳ ቢጫ ሆኗል።

እትዬ ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ትሞቃለች። የረገጥኩትን ጠጠር ሰምታ «መጣህ?» አለች። ፊቴን በሁለት እጇ ዳሰሰች። አንዱ ዓይኗ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ይለያል፤ ሌላው ጥላ ያያል። ቂንጬ ቀርቦልኝ ገና አንድ ማንኪያ ሳልጎርስ «ነገ በጠዋት እንነሳ፣ እትዬ» አልኳት።

«ነገማ ምርጫ ነው።»

«ዓይንሽን ለማሳከም ነው እኮ የምወስድሽ።»

«ካርድ አውጥቻለሁ። ካርድ ሳያወጡ መቅረት አንድ ነገር ነው፤ አውጥቶ መቅረት ግን ሌላ ነው፣ የኔ ጌታ።»

ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የልቧን ነገረችኝ። ሴፍቲኔት በሚባለው የእርዳታ ፕሮግራም ውስጥ ናት፤ አቅመ ደካማ ስለሆነች ሥራ ሳትሠራ ነው የምትቀበለው። ስሟ ከዚያ መዝገብ ላይ እንዳይነካባት ትፈራለች። «ማን አለሽ እንዲህ?» አልኳት። አሰበች፤ ማንም እንዳላላት አመነች። ማንም መናገር አላስፈለገውም። መዝገብ አንድ ነው፣ የሚጽፈውም እጅ አንድ ነው፤ ማዳበሪያውን፣ እርዳታውን፣ የተፋሰስ ሥራውን፣ ካርዱን። ይህን እኔ ሳልሆን እሷ ነች በጣቷ እየቆጠረች የደረደረችልኝ።

አመሻሽ ላይ የአንድ ለአምስቷ መሪ መጣች፤ አምስት አምስት ሰው በአንድ መሪ ሥር የሚያደርገው አደረጃጀት ነው። ሃያ ዓመት አይሞላትም። ስለ አንድ ለአምስት አዲስ አበባ ሆኜ ብዙ አንብቤአለሁ፣ ክፉ ክፉውን። ይህች ልጅ ግን ጀርባዋ ላይ የእትዬን እንስራ ተሸክማ ነው የገባችው፤ በየቀኑ ውኃ የምትቀዳላት እሷ ነች። እንስራውን አወረደች፣ አስቀመጠች፣ ከዚያ ከነጠላዋ ሥር ደብተር አወጣች። «እትዬ፣ ነገ ከቅዳሴ መልስ አብረን እንሄዳለን፤ አይደል?» ከአምስቱ ስም አጠገብ ምልክት አደረገች። ምን ብዬ ልቆጣ? ውኃው ገና ከእንስራው ላይ ይንጠባጠባል።

ማታ ጎረቤቱ ሽማግሌ ጠላ ሊጠጡ ብቅ አሉ። ሰማንያን አልፈዋል። በሁሉም ዘመን መርጠዋል። «በጃንሆይ ጊዜ ፓርቲ የሚባል አልነበረም፤ ባለርስት ነበር የሚወዳደረው። በደርግ ፓርቲ አንድ ነበር። አሁን ብዙ ነው ይላሉ፤ እኛ ዘንድ እስኪደርስ መንገዱ ረዝሞበት ይሁን…» ብለው ጠላቸውን ጨለጡ።

ስለ ሸንጎው፣ ስለ ደርግ ዘመኑ ምክር ቤት ምርጫ፣ ጠየቅኳቸው። ቀኑን ሳይቀር ያስታውሳሉ፦ ሰኔ 7 ቀን 1979፣ እሑድ። በዚያው ዓመት ጥር 24 ለሕገ መንግሥቱ ተሰልፈው ድምፅ ሰጥተዋል፤ በሰኔ ደግሞ ለብሔራዊ ሸንጎ። 835 ወንበር። ዕጩ የሚያቀርበው የደርጉ ፓርቲ ኢሠፓ፣ ጦሩና የብዙኃን ማኅበራቱ ናቸው፤ ለአንድ ወንበር እስከ ሦስት ሰው። «ሦስት ሰው አቀረቡልን። ምረጡ አሉን። ሦስት በግ ከአንድ በረት አውጥቶ ምረጥ እንደማለት ነው። ቢሆንም ምርጫ ነው፤ አንዱ ከአንዱ ይሰባ ይሆናል።» እሳቸው ያኔ የገበሬ ማኅበር አባል ነበሩ፤ ሰው ከየቤቱ እየጠሩ ያወጡት እሳቸው ነበሩ። ይህን ሲናገሩ የአንድ ለአምስቷ ልጅ የተቀመጠችበትን መደብ እያዩ ነው። እሷ ከሄደች ቆይታለች።

«የ97ቱስ?» አልኳቸው። ከ170 በላይ የተቃዋሚ ወንበር የተቆጠረበት፣ አዲስ አበባ 23ቱንም ለቅንጅት የሰጠችበት ዓመት ነው።

«ያኔ ወገቤን አሞኝ ነበር» አሉ። እትዬ ሳቀች። ወገባቸውን ያመማቸው ከምርጫው በኋላ በመጣው ክረምት መሆኑን ነገረችኝ፣ ሲሄዱ።

ሽማግሌው ግን ሳይጠየቁ ያመጡት ወሬ ይበልጥብኛል። ቤቱ የተከደነበትን የጓሳ ሣር ወደ ላይ አንጋጠው አዩና ስለ ቄሮ አነሱ። (ዛሬ «ቄሮ» ሲባል ሰው የሚያስበው ሌላ ነው፤ የመንዙ ቄሮ የግጦሽና የሣር ሥርዓት ነው።) የጓሳን ምድር የአስቦና የጌራ ልጆች ተካፍለው ይጠብቁት ነበር። ጠባቂውን፣ አባ ቄራውን፣ ባለ መብቶቹ ራሳቸው ይመርጣሉ። ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴ አምስት ዓመት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል፤ በዝግ ወራት ማጭድ ይዞ የተገኘ ወዮለት። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ መጣና መሬቱ የመንግሥት ሆነ፣ አባ ቄራም ቀረ። «አባ ቄራን ስንመርጥ» አሉ «ማታ ቤቱ ሄደን ልንቆጣው እንችል ነበር።»

እሑድ፣ ግንቦት 16

ኪዳነ ምሕረት ናት። የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ከቅዳሴ ወጥቶ ነጠላውን እንዳጣፋ በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ወረደ። ጣቢያው የተከፈተው ጠዋት 12 ሰዓት ነው፤ ከቀኑ 3 ሰዓት ስንደርስ ሰልፉ ግቢውን ዞሯል። ሴቶች በአንድ በኩል፣ ወንዶች በሌላ በኩል። የአንድ ለአምስት መሪዎች ደብተራቸውን ይዘው ከግቢው ውጭ ካለች ባሕር ዛፍ ሥር ቆመዋል፤ ግቢው ውስጥ መግባት አይፈቀድማ።

እትዬ ስለማታይ ቅድሚያ ሰጧት። አስፈጻሚው ረዳት ያስፈልጋታል አለና አንዱን ታዛቢ ሊያስገባላት ሲል «የወንድሜን ልጅ ነው የምፈልገው» አለች። ተነጋገሩ። ሕጉ ራሷ ባመነችው ሰው ትረዳ ይላል፤ እኔ ደግሞ እዚያ ያልተመዘገብኩ ሰው ነኝ። በመጨረሻ አስገቡኝ።

መከለያው የክፍሉ ጥግ ላይ የተወጠረ አቡጀዴ ነው። ከኋላው የተማሪ ዴስክ፣ ዴስኩ ላይ በክር የታሰረ እስክሪብቶ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ የዓርብ የሒሳብ ትምህርት አልጠፋም። እትዬ ወረቀቱን በመዳፏ አስተካከለችና «አንብብልኝ» አለች፣ በሹክሹክታ። አነበብኩላት፤ ንብ አለች፣ ሌሎችም ሁለት ምልክቶች አሉ። የዕጩዎቹን ስም ስነግራት በእያንዳንዱ ላይ «የማን ልጅ ነው?» ትላለች። አላውቅም። «ይኼኛውስ?» አላውቅም። ተናደደች። «ታዲያ ምን ልትረዳኝ ገባህ?»

ከዚያ አውራ ጣቷን ይዤ በየሳጥኑ ላይ አስዳሰስኳት። የጣት አሻራ ማድረግ ትችላለች፤ እሷ ግን እስክሪብቶውን ጠየቀች። በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠረች ሴት ነች፤ ስሟን መጻፍ ትችላለች፣ የ«ኤክስ» ምልክት ሊያቅታት ነው? እስክሪብቶውን እንደ እንዝርት ቀጥ አድርጋ ያዘችና ጫን ብላ ሁለት መስመር አሰመረች። ወረቀቱ ሊቀደድ ነበር።

የት ላይ እንዳሰመረች አልጽፍም። ምስጢሩ የእሷ ነው፤ እኔ የተበደረችኝ ዓይን ብቻ ነበርኩ።

ስንወጣ አስፈጻሚው የግራ አውራ ጣቷን ይዞ ቀለሙን ነካበት፣ ከጥፍሩ ሥር ከሥጋው ጋር። ወዲያው የእኔንም እጅ ያዘ። «እኔ አልመረጥኩም» አልኩት። እጄን ለቀቀ፤ ግን ጣቴን ትንሽ አየው።

ማታ ቆጠራ ነበር። ከውጭ ሆኜ በመስኮቱ የባትሪ መብራት ሲንቀሳቀስ አየሁ። አንድ ድምፅ ያነባል፣ ሌላው ይደግማል። «ንብ።» «ንብ።» «ንብ።» ለረጅም ጊዜ ሌላ ቃል ሳይሰማ ቆየ፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ንባቡ ቆም አለ፣ ክፍሉ ውስጥ ማንሾካሾክ ተሰማ፣ ከዚያ ሌላ ምልክት ተነበበ።

ሰኞ፣ ግንቦት 17

ውጤቱ በትምህርት ቤቱ በር ላይ በዱቄት ሙጫ ተለጥፏል። ከንብ ውጭ ያሉት ሲደመሩ ሰባት ናቸው።

በቅሎው ለማክሰኞ ነው የተገኘልን፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ጠላ ቤት ተቀመጥኩ። አስተማሪው ዓርብ ዕለት «ሁሉም እንዲያየው ነዋ» ያለኝ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ እዚያ ነው። ሰባት የሚያህል ቁጥር ምስጢር አይችልም። ሰባት መቶ ቢሆን ኖሮ ማንም ማንንም አይፈልግም ነበር፤ ሰባት ግን አንድ ማዕድ የሚከብ ሰው ነው። ሰዎቹ እየሳቁ ጀመሩ። አንዱ ከማዳበሪያ ዕዳው የተነሳ ከቀበሌ ጋር የተጣላውን ጠራ። ሌላው ልጇ አዲስ አበባ ታስሮ የነበረባትን አነሳ። ሦስተኛ፣ አራተኛ… አራት ላይ ሳቁ ቀጠነ። አምስተኛውን የሚጠራ ሰው ጠፋ፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ የሚቀሩት እዚያው የተቀመጡት ነበሩ።

የአንድ ለአምስቷ ልጅ ጠላ ልትገዛ ገባች። «የአንቺ አምስት ደህና ናቸው?» አላት አንዱ። «ደህና ናቸው» አለች፣ ግን ፈገግ አላለችም። ከዚያ የአንድ ሰው ዓይን ጠላ ወደያዝኩበት እጄ ወረደ። በክፍሉ ውስጥ አውራ ጣቱ ንጹሕ የሆነ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። «አንተ የየት አገር ሰው ነህ?» አለኝ፣ በትሕትና። አዲስ አበባ ካርዴ እንዳለ ነገርኩት። ካርዱ ያለው ሰው በምርጫ ማግስት ጣቱ ነጭ መሆኑ ጉዳዬን የባሰ አከፋው።

ማታ ለእትዬ ወሬውን ነገርኳት። «አራት ደረሱ በል» አለች። ሌላ አልጨመረችም። ኩበቱን ወደ እሳቱ ገፋች።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 18

በበቅሎ እስከ መሐል ሜዳ፣ በአውቶቡስ እስከ ደብረ ብርሃን። እትዬ መኪና ላይ አትችልም፤ ሎሚ እየሸተተች መጣች። አውቶቡሱ ውስጥ ሰው ሁሉ የወንበሩን ብረት የያዘበት እጅ ላይ አንድ ዓይነት ነጥብ አለ፤ ጠቆር ያለ፣ በጥፍሩ ዙሪያ። እኔ በግራ እጄ ቦርሳ ይዤ ነው የመጣሁት።

ረቡዕ፣ ግንቦት 19

አዲስ አበባ ከሰዓት ገባን። ማታ ዜና ላይ ምርጫ ቦርድ የመጀመሪያውን ውጤት አሰማ፦ እስካሁን ከታወቁት 442 ወንበሮች 442ቱም የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ናቸው። ከውጭ የመጣው የታዛቢ ቡድን የአፍሪካ ኅብረት ብቻ ነበር፤ በናሚቢያው የቀድሞ ፕሬዝዳንት በሂፊኬፑንዬ ፖሃምባ የተመራ፣ 59 ሰው። ጣቢያው 45 ሺህ ገደማ ነውና ለአንድ ታዛቢ ሰባት መቶ ስልሳ ያህል ይደርሰዋል። የእትዬን ጣቢያ የሚያየው ሰው ከሰባት መቶ ስልሳዎቹ የትኛው ላይ እንደነበረ እንጃ። ነገ ግንቦት 20 ነው፤ ቴሌቪዥኑ ወዲያው ወደ በዓሉ ዝግጅት ተሻገረ።

ሰኔ 15

ማስታወሻውን ዘግቼ ነበር፤ ለዛሬ ከፈትኩት።

የእትዬ አንድ ዓይን ተሠርቷል፤ ፋሻው ከተነሳ ጥቂት ቀን ሆነው። የሰኔ ጾም ነውና ሽሮ በልተን ዜና ጀመርን። ቦርዱ የመጨረሻውን ውጤት አሳወቀ። ከ36 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቦ 93 በመቶው መርጧል፤ ኢሕአዴግ 500፣ አጋር ድርጅቶች 47። ድምሩ 547።

«ስንቱን አሉ?» አለች እትዬ።

«ሁሉንም።»

ምንም አላለችም። አሁን የምታያቸው ነገሮች ብዙ ናቸው፤ ሳህኑ ላይ ያለውን አበባ፣ የእኔን ሽበት፣ የግድግዳውን ስንጥቅ። እጇን ወደ መብራቱ አነሳችና አውራ ጣቷን ወደ ተሠራው ዓይኗ አስጠጋች። ጥፍሯ ከሥሩ አድጎ ነጭ ሆኗል፤ ቀለሙ ወደ ጫፍ ተገፍቶ መሐል ላይ ቆሟል።

«ይሄ ነው እንዴ?» አለች። «እኔ ቀይ ነበር የመሰለኝ።»

ከዚያ ምላጭ እንዳለኝ ጠየቀችኝ።